የተጻፈ ሁሉ እውነት ነውን?

ፊደል ለይተናል፤ ማንበብም ችለናል። አሁን የሚቀረን ያነበብነውን መመርመር ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ከተማ አንዲት ሴት በመናፈሻ ውስጥ ተደፍራና ተደብድባ ልትሞት ተቃርባ ተገኘች። ፖሊስ ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆናቸውን አምስት ልጆች ያዘ፤ አራቱ ጥቁሮች ነበሩ። ረጅም ምርመራ አስጨንቋቸው አብዛኞቹ ያልሠሩትን አመኑ። ገና ሳይፈረድባቸው ጋዜጦች «የተኩላ መንጋ» አሏቸው። አንባቢውም እውነት መሰለው። ተፈርዶባቸው ታሰሩ።

በ2002 ግን ሌላ ሰው «እኔ ነኝ» አለ፤ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራም አረጋገጠ። ፍርዱ ተሻረ። የልጅነት ዘመናቸው ግን ላይመለስ ሄደ።

እኛስ ከብት ሲጠፋ ቶሎ የምንጠረጥረው ጎረምሳውን አይደለም እንዴ?

ስናነብ እንጠይቅ፦
1. ማን አየ?
2. ማስረጃው ምንድን ነው?
3. ተፈርዶበታል ወይስ ገና ተጠርጣሪ ነው?