የካናቢስ ተጠቃሚነት ምጣኔን በአገሮች መካከል ማነጻጸር፤ ለመዘዞና ለመሰል ከተሞች ያለው ትርጉም

ከአንድ አገር ሕዝብ ምን ያህሉ ካናቢስ ይጠቀማል የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ሆኖም አገሮችን በደረጃ የሚያስቀምጡ ሰንጠረዦች ለተለያዩ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶችን ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ያኖራሉ። ይህ ጽሑፍ ንጽጽሩ ተቀባይነት የሚኖረው መቼ እንደሆነ ይመረምራል፤ ለማሳያም በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን መዘዞን ይወስዳል።

የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና ወንጀል መከላከል ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 በዓለም ዙሪያ 228 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ካናቢስ ተጠቅመዋል። ይህም ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ከሆነው 4.4 በመቶ ያህል ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የተገኘው ምጣኔ 22 በመቶ ሲሆን፣ በአውሮፓ ኅብረት የሚገመተው 8 በመቶ ገደማ ነው። ነገር ግን የአሜሪካው ጥናት 12 ዓመት የሞላቸውን ሁሉ ያለ ከፍተኛ የዕድሜ ገደብ ሲቆጥር፣ የአውሮፓው ከ15 እስከ 64 ባሉት ይወሰናል። ልዩነቱ ሰፊ መሆኑ ባይካድም፣ ቁጥሮቹ በአንድ መስፈሪያ የተሰፈሩ አይደሉም።

ሁለተኛው ችግር የጊዜ ወሰን ነው። በምሳሌ ለማስረዳት፣ በመዘዞ 300 ወጣቶች ተጠየቁ እንበል። በሕይወታቸው አንድ ጊዜም ቢሆን የሞከሩት 12፣ ባለፉት 12 ወራት የተጠቀሙት 6፣ ባለፉት 30 ቀናት የተጠቀሙት 3 ቢሆኑ፣ ምጣኔው እንደ ጥያቄው 4፣ 2 ወይም 1 በመቶ ይሆናል። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ የመጀመሪያውን ከሌላ አገር ሦስተኛ ጋር ማወዳደር ግን ስሕተት ነው።

ሦስተኛው የመልሱ ታማኝነት ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ካናቢስን ለአዋቂዎች ሕጋዊ ስታደርግ፣ በኢትዮጵያ ግን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ድርጊቱን ያስቀጣል። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባት ትንሽ ከተማ፣ ወላጅ በተቀመጠበት ቤት የሚጠየቅ ወጣት «አልተጠቀምኩም» ቢል አያስገርምም። የጥያቄው ቃልም መልሱን ሊለውጥ ይችላል፤ «አደንዛዥ ዕፅ» ሲባል የሚክድ ሰው «ጋንጃ» ወይም «ሐሺሽ» ሲባል ሊያምን ይችላል። ስለዚህ ዝቅተኛ ምጣኔ የአጠቃቀሙን አነስተኛነት ብቻ ሳይሆን የተጠያቂውን ፍርሃት ጭምር ሊያመለክት ይችላል።

አራተኛው፣ ሰንጠረዡ ካናቢስን ብቻ ሲቆጥር የሚሰወረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከወንዶች 27 በመቶ፣ ከሴቶች 12 በመቶ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ጫት በኢትዮጵያ በገበያ በይፋ የሚሸጥ ሲሆን፣ ብሪታንያ ግን በ2014 ከልክላዋለች። በሰሜን ሸዋ ደጋም ጠላና አረቄ የማኅበራዊ ኑሮ አካል ናቸው። በካናቢስ መለኪያ ዝቅ ብሎ የሚታይ አገር፣ ከሌሎች ሱስ አስያዥ ነገሮች ነፃ ነው ማለት አይደለም።

ከዚህ በመነሳት በመዘዞና በመሰል ከተሞች የሚደረግ ጥናት የዕድሜ ክልሉንና የጊዜ ወሰኑን አስቀድሞ ሊወስን፣ ስም በማይጠቅስ መጠይቅ ሊከናወን፣ ካናቢስን ከጫት፣ ከአረቄና ከትንባሆ ጋር አንድ ላይ ሊጠይቅ ይገባል። ይህ ካልተሟላ፣ በሰንጠረዥ ግርጌ መገኘት እንደ ጤንነት ማስረጃ ተቆጥሮ፣ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ጥቂት ሀብት ችግሩ ካለበት ስፍራ ርቆ ሊውል ይችላል።