ሉኪሚያ ቫይረስ የተገኘባት ድመት

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሳለን ድመታችን በደም ምርመራ የሉኪሚያ ቫይረስ ተገኘባት። አሁን መካነ ሰላም ገብተናል። እናቴ «ለልጆቹ ይተላለፋል» ብለው ሰግተዋል፤ ጎረቤቶች ደግሞ አይጥ እንድትይዝላቸው ይጠይቁናል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናትዎ አይስጉ፤ ቫይረሱ ወደ ሰውም ወደ ውሻም አይተላለፍም። ከድመት ወደ ድመት ግን በምራቅ ይዛመታል፦ ሲላላሱ፣ ከአንድ ዕቃ ሲበሉ፣ ሲናከሱ። ስለዚህ ለጎረቤት አያውሷት፤ ከቤትም አትውጣ። ቫይረሱ ከሰውነት ውጪ ቶሎ ስለሚሞት ዕቃዋን በሳሙና ወይም በበረኪና ማጠብ ይበቃል።

አንድ ምርመራ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ አንዳንድ ድመቶች ቫይረሱን ያፍኑታል። ዕድሉ ሲገኝ ምርመራው ይደገም። ፈዋሽ መድኃኒት የለም፤ የሉኪሚያ ክትባትም ለተያዘች ድመት አይጠቅምም። ብዙዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቢሞቱም በእንክብካቤ ደህና ሆነው የሚቆዩ አሉ።

ቫይረሱ የሰውነት መከላከያን ያዳክማልና ጥሬ ሥጋ ይቅርባት፤ የበሰለ ይስጧት። መካነ ሰላም ያለችበት የቦረና ደጋ ብርዱ ብርቱ ነው፤ ማደሪያዋ ነፋስ አይግባው። በየ6 ወሩ የእንስሳት ሐኪም ይያት። ድዷ ከነጣ፣ ከከሳች፣ መብላት ከተወች ወይም ካተኮሳት ቀጠሮ አይጠብቁ። ለትኩሳቱ ብለው ግን ፓራሲታሞል እንዳይሰጧት፤ አንድ ፍሬ እንኳ ድመት ይገድላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም አይቅርባት፤ ለልጆቹ የሚያሰጋው ይህ በሽታ ነው።