ጥቅል ጎመን በፓስታ፣ ከኮኪት ምድጃ

ጥቅል ጎመን ቆላ አይስማማውም። ቅጠሉን አጥብቆ ጠቅልሎ እንዲከብድ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይፈልጋል። ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ኮኪት የአገሩ ተወላጆች ማሽላው፣ ሰሊጡ፣ ጥጡና ባሚያው ናቸው፤ ጎመኑ ከደጋ በመኪና የሚወርድ እንግዳ ነው። ፓስታውም እንግዳ ነው፤ ልዩነቱ፣ ደረቅ ስለሆነ የመጋቢትና የሚያዝያ ሐሩር ምንም አያደርገውም። ሁለቱ እንግዶች ሲገናኙ ግን አንድ ቤተሰብ በጥቂት ብር የሚያጠግብ፣ ለጾምም ለፍስክም የሚሆን ራት ይወጣቸዋል። የከተማ ምግብ ቤቶች ካሮትና ድንች ጨምረው «ፓስታ በአትክልት» ብለው የሚያቀርቡት የዚሁ ዘመድ ነው። እዚህ የማሳየው ከዚያም የቀለለውን፣ አንድ ምድጃና ሁለት ዕቃ ብቻ ያለው ሰው የሚሠራውን ነው።

ቀላል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይበላሻል። አብዛኛው ሰው ጎመኑን ከትፎ፣ ፓስታውን ሰብሮ፣ ሁለቱንም ውሃ ውስጥ ጨምሮ ይከድናል። ድስቱ ሲከፈት ጎመኑ ውሃ ውሃ ይላል፣ ፓስታው እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ ቤቱም የቆየ ጎመን ይሸታል። ጥፋቱ የቅመም ማነስ አይደለም፤ በርበሬ ቢጨምሩበት ያው የሚያቃጥል ውሃ ይሆናል። ፓስታና ጎመን ከእሳቱ የሚፈልጉት ተቃራኒ ነገር ነው። ፓስታው ደረቅ ስለሆነ ውሃ መጠጣት አለበት። ጎመኑ ደግሞ ከመቶ እጅ ዘጠና ሁለቱ ውሃ ነው፤ እንዲጣፍጥ ያንን ውሃ መልቀቅ አለበት። ስለዚህ ለየብቻ ይበስላሉ፣ የሚገናኙትም መጨረሻ ላይ ነው።

ለአራት ወይም ለአምስት ሰው ግማሽ ኪሎ ፓስታ፣ አንድ ኪሎ ያህል የሚመዝን ጎመን፣ ሦስት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ሁለት ቃሪያ፣ ጨውና አንድ የቡና ስኒ ዘይት ይበቃል። ከእነዚህ ውስጥ ኪስ የሚነካው ዘይቱ ነው። ቢሆንም ከስኒው አይቀንሱ፤ ጎመን ያለ ዘይት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ጎመኑን ሲገዙ በዓይን ብቻ አይመኑ። መጠናቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ራሶችን በሁለት እጅ አንሥተው የከበደውን ይውሰዱ፤ የቀለለው ወይ ውስጡ ባዶ ነው፣ ወይ መንገድ ላይ ውሃው አልቋል። ነጋዴ የጠወለገውን ውጫዊ ቅጠል እየገፈፈ ስለሚጥል፣ አረንጓዴ ቅጠል ጨርሶ የሌለው ነጭ ራስ ብዙ ጊዜ ሰንብቷል ማለት ነው። ግንዱ የተቆረጠበትንም ገልብጠው ይዩት፤ ደርቆ ቡናማ ከሆነ ከተቆረጠ ቆይቷል።

የጠወለገ ብቻ ከገጠመዎት ተስፋ አይቁረጡ። ከትፈው ሩብ ሰዓት ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት። የቅጠሉ ሕዋሳት መንገድ ላይ ያጡትን ውሃ መልሰው ይጠጣሉ፣ ቅጠሉም እንደገና ይቆማል። ከዚያ በደንብ አጥልለው ንጹሕ ጨርቅ ላይ ይዘርጉት። ውሃ ወደ ውስጥ ከገባ ይጠቅማል፤ ላዩ ላይ የቀረው ግን ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል። ትኩስ ጎመን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ሳይከተፍ ቅጠል በቅጠል ታጥቦ መራገፉ ይበቃዋል። ውሃ በጀሪካን ለሚቀዳበት ቤትም የሚሻለው ይኸው ነው።

አከታተፉ የጣት ውፍረት ይኑረው። ለሰላጣ እንደሚደረገው ካሳሱት እሳቱ ላይ ይጠፋል፤ ጎመን ሲበስል ከግማሽ በላይ እንደሚያንስ አይርሱ። የመሐሉን ግንድ ብዙ ሰው ይጥለዋል። እኔ አልጥለውም፤ ስስ ተደርጎ ከተቆረጠ ከቅጠሉ የበለጠ ይጣፍጣል።

አሁን ወደ እሳቱ። ሰፊ ብረት ድስት ወይም ትልቅ መጥበሻ ያግሉና ሽንኩርቱን በዘይቱ ያቁላሉ። ወርቃማ መሆን ሲጀምር ከጎመኑ ግማሹን ያስገቡ፤ ሲያንስ ቀሪውን። አይክደኑት፣ ጨውም ገና አይጨምሩ። ሁለቱም ክልከላ ምክንያቱ አንድ ነው። ድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ያን ሸጋ ቡናማ ቀለምና ጣፋጭነት የሚሰጠው ለውጥ ግን በፍጥነት የሚካሄደው 140 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳን እንፋሎቱን መልሶ ያወርደዋል፣ ጨው ደግሞ ከቅጠሉ ውስጥ ያለውን ውሃ በአንዴ ስቦ ያወጣዋል። በሁለቱም ጎመኑ በራሱ ውሃ ይቀቀላል። ያ የቆየ ጎመን ሽታም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ጎመን ውስጥ ድኝ ያለባቸው ውህዶች አሉና ረጅም ጊዜ ሲቀቀሉ ይፈርሳሉ፣ ቤቱንም ያሸቱታል።

መጀመሪያ ላይ እንፋሎቱ ይበዛል፣ ድስቱም ይንጫጫል። ቶሎ ቶሎ አያማስሉ፤ የታችኛው ትንሽ እስኪይዝ ጠብቀው ይገልብጡት። እንፋሎቱ ቀንሶ የመጥበስ ድምፅ ሲሰማ፣ ጠርዙም እዚህም እዚያም ቡናማ ሲሆን ነጭ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ይጨምሩ፤ ጨው የሚገባው አሁን ነው። ነጭ ሽንኩርት መጀመሪያ ቢገባ ኖሮ እስካሁን አርሮ ይመር ነበር። ሁሉም አንድ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሃንጋሪዎች ይህን ምግብ ካፖስታሽ ቴስታ ብለው ከእኛ በፊት ጀምሮ ይበሉታል፤ ጎመኑን ትንሽ ስኳር ጨምረው ቡናማ እስኪሆን ይጠብሱና ቁንዶ በርበሬ ያበዙበታል። ስኳሩ ይቅርብኝ፤ ቁንዶ በርበሬውን ግን ሰረቅኋቸው።

ፓስታ ወደ እኛ የመጣው ከጣሊያን ጋር ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን የያዘው ጦር በመጨረሻ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ነበር፤ ወታደሩ ሄደ፣ ፓስታውና መኮሮኒው ቀሩ። ዛሬ በእንጀራ ጠቅልለን ስንበላው ጣሊያን ቢያይ ምን እንደሚል አላውቅም፤ በማሽላ እንጀራ ግን በእውነት ይሄዳል። ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ውስጥ ደግሞ ሸዕሪያ የሚሏት ቀጭኗ ፓስታ በስኳር ጣፍጣ ትበላለች።

ቅቅሉ ላይ የቆላው ምድጃ ከደጋው ይለያል። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የመተማ ቆላ 700 ሜትር ገደማ ስለሆነ 98 ዲግሪ ግድም ይደርሳል። ከደጋ ወርዶ ኮኪት የሚሠራ ሰው ፓስታው የሚልፈሰፈስበት ለዚህ ነው፤ እጁ የለመደው የደጋውን ደቂቃ ነው። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ የታሰበ በመሆኑ ቆላ ላይ ልክ ነው። እንዲያውም ከእሱ ሁለት ደቂቃ ይቀንሱ፤ ፓስታው ከጎመኑ ጋር ሲገናኝ የቀረውን ይጨርሳል።

ለግማሽ ኪሎ ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ ይበቃል። መጣበቅን የሚከላከለው የውሃው ብዛት ሳይሆን መጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ማማሰሉ ነው፤ በዚያን ጊዜ የፓስታው ላይ ስታርች እንደ ሙጫ ይለጠፋል። ዘይት ውሃው ላይ መጨመር ብክነት ነው፣ ተንሳፍፎ ከውሃው ጋር ይደፋል። ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ትንሽ ከፍ ያለ ጨው ግን ያስፈልጋል፤ ፓስታው ውስጡ ጨው የሚያገኘው ውሃ ሲጠጣ ብቻ ነው።

ከሰል ለሚቆጥብ ሰው ሌላም መንገድ አለ። ፓስታው ገብቶ ሁለት ሦስት ደቂቃ ከፈላ በኋላ ድስቱን ከእሳት አውርደው ግጥም አድርገው ይክደኑት፣ ከተለመደው ሁለት ደቂቃ ያህል አስረዝመው ይተዉት። ስታርች ለመብሰል ከ80 ዲግሪ ያነሰ ሙቀት ይበቃዋል፣ የተከደነ ድስት ደግሞ ቆላ ላይ ቶሎ አይቀዘቅዝም። እ.ኤ.አ. በ2022 የጋዝ ዋጋ አውሮፓ ላይ ሲንር የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ጣሊያናዊ ጆርጂዮ ፓሪሲ ይህንኑ ዘዴ ደግፈው ነበር፤ የአገራቸው ምግብ አብሳዮች ተቆጡ። እኔ ከፓሪሲ ጋር ነኝ፤ ምድጃዎ አንድ ብቻ ከሆነ በተለይ፣ ፓስታው ተከድኖ በሚቆይበት ጊዜ እሳቱ ለጎመኑ ይተርፋል።

ሲያጠልሉ ሁለት ጭልፋ የፓስታ ውሃ ያስቀሩ። ፓስታውን ከጎመኑ ጋር ሲቀላቅሉ ውሃውን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ሁለት ደቂቃ ያህል እሳት ላይ ያገላብጡት። ውሃው ስታርች ስላለበት ዘይቱን ያስተሳስረዋል፣ ሽንኩርቱና ጎመኑም ድስቱ ሥር ከመቅረት ይልቅ ፓስታው ላይ ይለብሳሉ። በእንዶሚ ከሠሩትም ሐሳቡ ያው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ በዘይት የተጠበሰ ስለሆነ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል፣ የቅመሙ ከረጢት ጨው ስለሚበዛበትም ግማሹን ብቻ ይጠቀሙ። በክብደት ሲሰላ ግን ፓስታው ይረክሳል።

ኮኪት ውስጥ ሆኖ ያለ ሰሊጥ ማቅረብ ግን ንፉግነት ይመስለኛል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ ምጣድ ላይ መፈናጠር እስኪጀምር ቆልተው፣ ሙቀጫ ውስጥ ሸክሸክ አድርገው ይነስንሱበት። የሰሊጥ ግማሹ ዘይት ነው፣ ሲቆላ መዓዛው ሥጋ የሌለበትን ማዕድ ያደምቃል። ሰሊጥ የማይሞላው ጉድለት ግን አለ። ስንዴ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ሰሊጥም እንዲሁ። ልጆች የሚበሉት ከሆነ አንድ ሁለት እፍኝ የተቀቀለ ምስር ወይም ማሾ ይቀላቅሉበት፤ ጥራጥሬ ያንን አሟልቶ የያዘ ነው።

የተረፈው ነገር በዚህ አየር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፓስታና ሩዝ ላይ የሚገኝ ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ዘሩ መፍላትን ይቋቋማል፣ ምግቡ ለብ ብሎ ሲያድር ይባዛል፣ የሚያስታውከውን መርዝም ሽታ ሳያመጣ ይሠራል። ጠዋት ማሞቅ ባክቴሪያውን ቢገድልም መርዙን አያጠፋውም። ፍሪጅ ያለው ሰው ድስቱን እንዳለ ከማስቀመጥ በሰፊ ትሪ ዘርግቶ ቶሎ አቀዝቅዞ ያስገባው። ፍሪጅ የሌለው ቤት ግማሽ ፓኬት ብቻ ይቀቅል፤ ያልተቀቀለው ግማሽ ፓስታና ያልተከተፈው ግማሽ ጎመን ለነገ ይደርሳሉ፤ ጎመኑ የተቆረጠበት ፊት ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን።