ሳክሶኖች ሲመጡ፦ ለአንዲት ወጣት ፈረሰኛ ምክር

ልጄ፣ የላክሽልኝን የፈረሰኛሽን ወረቀት አየሁት። ስሙ ያምራል፤ ጋሻው ላይ የሣልሽው ንስርም አልከፋም። ፍላጎቱ እንዳለሽ ያስታውቃል፤ ግን ቸኩለሻል። የጦርና የሰይፍ ቁጥርሽን ደጋግመሽ ስትደምሪ፣ የጠባይ ዝርዝሩ ላይ ዓይንሽ እንኳ ያረፈ አይመስልም። ፔንድራጎን እንዲህ አይጫወቱትም። ግሬግ ስታፎርድ ይህን የሚና ጨዋታ በ1985 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ከሌሎቹ የለየው፣ ሰውዬው ምን ያህል ይመታል ከሚለው ጎን ምን ዓይነት ሰው ነው የሚለውንም በቁጥር ማስፈሩ ነው።

የገባሽበት ጊዜ ደግሞ ቀላል አይደለም። በዘመቻው አቆጣጠር 496 ላይ ነን። ንጉሥ ኡተር ባለፈው ዓመት ሴንት አልባንስ ላይ ሳክሶኖችን ድል ነሥቶ፣ ለድሉ በተደገሰው ግብዣ ከመሳፍንቱ ጋር በመርዝ አልቋል። የግዛታችሁ የሳልስበሪ ጌታም አብሮ ሄዷል። አገሩን የያዘችው ሕፃን ልጅ ያቀፈች መበለት፣ ወይዘሮ ኤለን ናት። አርተር ሰይፉን ከድንጋዩ የሚመዘው በ510 ነው፤ የዘመቻውን መጽሐፍ ያገላበጠ ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ ምሥጢር አላወጣሁብሽም። እስከዚያ ያሉትን ዓመታት የምትሻገሪው ያለ ንጉሥ ነው። ንጉሥ በሌለበት አገር ደግሞ "ታዝዤ ነው" የሚባል ነገር የለም፤ ያደረግሽው ሁሉ ያንቺ ነው። እንግዲህ ስሚኝ።

1. የጠባይሽን ዝርዝር ከሰይፍሽ ቁጥር አስቀድመሽ እወቂ። ዐሥራ ሦስት ጥንዶች ናቸው፤ ምሕረት ከጭካኔ፣ ለጋስነት ከራስ ወዳድነት፣ ጀግንነት ከፍርሃት እያለ ይሄዳል። የአንዱ ጥንድ ድምር ሁልጊዜ 20 ነው፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል። ጨዋታውን የሚመራው አጫዋች ምሕረትሽን ሲፈትን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ትወረውሪያለሽ። የወጣው ቁጥር ከምሕረትሽ ካልበለጠ ትምሪያለሽ፤ ከበለጠ ለጭካኔሽ ትወረውሪያለሽ። ሁለቱም ካልሰመሩ ያኔ ምርጫው ወደ እጅሽ ይመለሳል። 16 የደረሰ ጠባይ ስም ያወጣል፣ በየዓመቱም ዝና ይጨምራል፤ ግን ከዚያ በኋላ ከዳይሱ መሸሽ አይቻልም። አንቺ ጀግንነትሽን 16 አድርገሽ ጥንቃቄሽን 7 ላይ ጥለሻል። ሃምሳ የሳክሶን ጦረኛ ከጫካ ብቅ ሲል አንቺ ማፈግፈግ ብትፈልጊ እንኳ ፈረሰኛሽ እሺ ላይልሽ ነው። ከኋላሽ የሚከተሉት ሰዎች ደግሞ ይህን ቁጥር አብረው አልመረጡም። ስለዚህ ወረራው ሳይጀመር ጥንቃቄሽን የሚያሳድግ ሥራ ፈልጊ።

2. "ፈረሰኛዬ እንዲህ ነውና ምን ላድርግ" የሚለውን ሰበብ ተይው። መንደር አቃጥሎ ሲያበቃ ወደ ወረቀቱ የሚጠቁም ስንት ተጫዋች አይቻለሁ። ወረቀቱን የሞላው ማን ሆነና? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ጭካኔው 14 የደረሰው በየጨዋታው አንድ አንድ እያለ፣ አንቺ በመረጥሽው ነው። ያደረግሽው ነገር ጉልህ ከሆነ አጫዋቹ ጠባዩ አጠገብ ምልክት ያደርጋል፤ የጨዋታው ዓመት ሲዘጋ በሚመጣው የክረምት ምዕራፍ ለምልክቱ ትወረውሪና ቁጥሩ ካለሽ ከበለጠ ጠባዩ በአንድ ያድጋል። ሰው እንዲህ ነው የሚከፋው፤ ጥሩም የሚሆነው እንዲሁ ነው።

3. ግብር መክፈልን ሁልጊዜ ፍርሃት፣ አለመክፈልንም ሁልጊዜ ጀግንነት አትበይው። ወይዘሮ ኤለን ፈረሰኞቿን ሰብስባ ምክር የምትጠይቅበት ቀን ይመጣል። በምሥራቅ የሱሴክሱ ንጉሥ ኤሌ አለ። በደቡብ ሰርዲክ አለ፤ የአንግሎ ሳክሰን ዜና መዋዕል ይህ ሰው በ495 በአምስት መርከብ ደረሰ ይላል። ሳልስበሪ በሁለቱ መካከል የተቀመጠች ለም መሬት ናት። መልእክተኛው አዳራሹ መሐል ቆሞ እህል፣ ከብትና ብር ይጠይቃል። ብትከፍሉ የሚከፍለው ማን ነው? ገበሬው። ባትከፍሉ የሚቃጠልበትስ? ያው ገበሬ። ለአንዱ ስትከፍሉ ሌላው ይመጣል፤ ለሁለቱም ከከፈላችሁ ክረምቱን የሚያሻግር እህል አይተርፍም።

ወጣቶቹ እዚህ ላይ ጠረጴዛ ይደበድባሉ፣ "አንዲት ሳንቲም የለም!" ይላሉ። አውቃለሁ፣ ዐድዋን እየሰማ ላደገ ሰው ለወራሪ ግብር መክፈል ይመርራል። ነገር ግን ዐድዋ የዘመተው ከየአገሩ የከተተ ሠራዊት ነው፣ አዝማቹም ንጉሠ ነገሥት ነበር። ወይዘሮ ኤለን ያላት የአንድ ግዛት ፈረሰኛና ጡት ያልጣለ ወራሽ ነው። አፍሽን ከመክፈትሽ በፊት ስንት ፈረሰኛ እንዳለ፣ እህሉ ስንት ወር እንደሚቆይ፣ የትኛው ግንብ ከበባ እንደሚችል ጠይቂ። ክፈሉ ካልሽ መዋጮውን ከራስሽ ጎተራ ጀምሪ። ተዋጉ ካልሽም ድንበር ላይ ያለው ጉልት የሌላ ሳይሆን ያንቺ ቢሆን ያንኑ ትመክሪ እንደሆነ ልብሽን ጠይቂው። ከዚህ ውጭ ያለው ጀግንነት በሌላ ሰው በሬ እንግዳ መጋበዝ ነው።

4. በሩን ከማዘጋትሽ በፊት ውጭ የቀረው ማን እንደሆነ ጠይቂ። ወራሪው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ለግንቡ አይደለም፤ ለእህሉ፣ ለከብቱና ለሰዉ ነው። ጉልቱ ለፈረሰኛሽ የተሰጠውም በጦር ጊዜ ጌታውን እንዲያገለግልና መሬቱ ላይ ያለውን ሰው እንዲጠብቅ ነው፤ የገና ድግስ እንዲደግስበት ብቻ አይደለም።

የሚገጥምሽ ነገር ይህን ይመስላል። ከኮረብታው ማዶ ጭስ ይታያል። አንድ ገበሬ ሁለት በሬ እየጎተተ መንገዱ ላይ ቀርቷል፤ ተዋቸው ቢሉት እንቢ ብሏል፣ ያለ በሬ የከርሞውን መሬት የሚያርስበት የለውማ። ሚስቱ ልጅ አዝላ ከኋላ እየነዳች ነው። አንቺ ያለሽ ስድስት ጋላቢ ነው። የበሩ ጠባቂ "ልዝጋው ወይ?" እያለ ይጮሃል። አጫዋቹ ዝም ብሎ ያይሻል። እዚህ ላይ ዳይስ ለማንሣት እጅሽን አትዘርጊ፤ ይህ ያንቺ ነው። "ጋሻ ጃግሬዬ ሴትዮዋን ያፈናጥጥ፣ እኔ በሬዎቹ እስኪገቡ ድልድዩ ላይ እቆማለሁ" ማለት ትችያለሽ። "በሬዎቹን ተው፣ ከራሴ እተካልሃለሁ" ማለትም ትችያለሽ፤ ያኔ ለጋስነትሽ ላይ ምልክት ታገኚያለሽ። ግን ክረምቱ ሲደርስና ሒሳብ ሲሠራ በሬዎቹን የምር ስጪው፤ ቃል የገቡለትን ገበሬ በቀጣዩ ጨዋታ ስሙን የሚረሳ ፈረሰኛ ሞልቷል። በሩን መዝጋትም ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ውስጥ ሁለት መቶ ነፍስ ተጠግቶ ጠላት ደጅ ከደረሰ ለጥንድ በሬ በር ከፍቶ አይጠበቅም። ዘግተሽ ስታበቂ ግን ግንቡ ላይ ውጪና የሆነውን እዪ። "ከዚያ ቀጥሎስ?" ብሎ ወደ ሌላ ትዕይንት የሚያልፍ ተጫዋች አልወድም።

5. ለጥላቻሽ ልጓም አብጂለት። በቤተሰብ ታሪክሽ ላይ አያትሽ በ463 በረጃጅም ቢላዎች ሌሊት እንደሞተ ተጽፏል፤ ሳክሶኖች የብሪታንያን መኳንንት ለዕርቅ ብለው ጠርተው፣ ቢላ በጫማቸው ደብቀው የፈጁበት ሌሊት ነው። በዚህ የተነሣ "ሳክሶንን መጥላት" ከጽኑ ስሜቶችሽ አንዱ ሆኗል። ጨዋታው ለዚህ ጉርሻ አለው። ጦር ሜዳ ላይ ጥላቻሽን ጠርተሽ ዳይሱ ከሰመረ ክንድሽ ይበረታል። ካልሰመረ ልብሽ ይሰበራል፤ ክፉው ቁጥር ከመጣ ደግሞ አብደሽ ጫካ ልትገቢ ትችያለሽ። ስለዚህ በየውጊያው አትጥሪው።

ሌላም ነገር አለ። ጥላቻ ካደገ በኋላ ጦር ሜዳ ላይ ብቻ ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ? ምሕረቴን ከፍ አድርጌ ጥላቻዬንም አሳድጋለሁ ያለ ሁሉ አንድ ቀን ሁለቱ ፊት ለፊት ይገጥሙበታል። እናንተም በተራችሁ ድንበር ተሻግራችሁ የሳክሶን መንደር የምትመቱበት ቀን ይመጣልና ይህን አስቢ፦ ኤሌ ሱሴክስን የረገጠው በ477 ነው ይባላል። እዚያ ገብስ ስታጭድ የምታገኛት የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጃገረድ ሌላ አገር አታውቅም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው መነኩሴ ጊልዳስ እንደጻፈው ደግሞ፣ ሳክሶኖቹን መጀመሪያ ያስገቧቸው የብሪታንያ ሹማምንት ራሳቸው ናቸው፤ የሰሜኑን ጠላት እንዲመክቱላቸው ቀጠሯቸው፣ እነሱም በኋላ ቀለባችን አነሰ ብለው አመፁ። ይህ ወረራውን አያጸድቅም፤ ጦረኛቸውን ስትወጊ እጅሽ እንዲንቀጠቀጥም አልፈልግም። ልጅቷን ግን እለፊያት። አብረውሽ ያሉት ካላለፏት ፈረስሽን በመካከል አቁሚ። ከገዛ ጓዶችሽ ጋር መጋጨት ከጠላት ጋር ከመዋጋት ይከብዳል፤ አጫዋች ሆኜ ባየሁት ሁሉ እውነተኛው ፈተና የወጣው ከዚያ ነው።

6. ለጠላት የሰጠሽውንም ቃል ጠብቂ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ ዕዳ ደግሞ አበዳሪው ክፉ ስለሆነ አይሰረዝም። የፈረሰኝነት ወግ የሚለካባቸው ስድስት ጠባዮች ትጋት፣ ለጋስነት፣ ፍትሕ፣ ምሕረት፣ ትሕትናና ጀግንነት ናቸው፤ እውነተኛነት የለበትም። አንዳንድ ብልጣብልጥ ይህን አይቶ ምርኮኛን በቤዛ እለቅሃለሁ ብሎ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ያርደዋል። መሐላ ማፍረስ ክብርን እንደሚቀንስ የሚጽፈውን ገጽ አላነበበም። ደግሞም ወሬ ይሄዳል፤ የሚቀጥለው የሳክሶን አለቃ እጅ አልሰጥም ብሎ እስከ መጨረሻው ሲዋጋ ጓዶችሽ በከንቱ ይሞታሉ።

7. ማንን እንደምታስቀድሚ በሰላሙ ጊዜ ተናገሪ። ለጌታ ታማኝነት አለ፣ ለቤተሰብ ፍቅር አለ፤ ወረራ ሲመጣ ሁለቱ በአንድ ሌሊት ይጠሩሻል። ወይዘሮ ኤለን ግንቧ ወዳለበት ወደ ሳረም ድረሺ ብላ ትልካለች፣ የወንድምሽ ቤት ደግሞ በሌላው አቅጣጫ እየነደደ ነው። ሁለቱንም እደርሳለሁ ያለ ከሁለቱም ይዘገያል። እኔ ብጠየቅ መሐላ ያሰርሽለት ይቀድማል እላለሁ፤ ወንድምሽን መምረጥሽንም አልነቅፍም፣ ተመልሰሽ ኤለን ፊት ተንበርክከሽ ቅጣትሽን እስከተቀበልሽ ድረስ።

8. ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠውን ሰው ከፈረሰኛሽ አብልጪ። የወረራ ጨዋታ ዘረፋ፣ ግድያና ስደት አለበት። ከመካከላችን ቤቱ የምር የተቃጠለበት፣ ሌሊት በእግሩ የተሰደደ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ፊቱ ላይ አይጻፍም። ምን እንደሚነገርና ምን በዝምታ እንደሚታለፍ አስቀድመሽ ጠይቂ። አንድ ሰው "ይህን እንዝለለው" ካለ ይዘለላል፤ ለምን ብለሽ አትጠይቂ።

9. ወራሽ ይኑርሽ። ዘመቻው ከ485 ጀምሮ ሰማንያ ዓመት ያህል ይሄዳል፤ ከዳር እስከ ዳር የሚኖር ፈረሰኛ የለም። ልጅሽ ከዝናሽ አንድ ዐሥረኛውን ይወርሳል። ጥላቻሽም ሊተርፈው ይችላል፤ ባዶን ተራራ ላይ በ518 ከሳክሶኖች ጋር የሚገጥመው እሱ ሊሆን ነውና ምን ዓይነት ልብ ይዞ እንዲሄድ እንደምትፈልጊ ከአሁኑ አስቢበት። ቅዳሜ ስትመጪ እርሳስና ላጲስ ያዢ፤ በእስክሪብቶ የሞላሽውን ጠባይ ክረምት ሲመጣ ማረም አትችይም። የልጁንም ስም ጽፈሽ አምጪ።