የማይታየው ብልጭታ የነጋዴውን ትርፍ ይበላል
ስታቲክ ኤሌክትሪክ በኤሌክትሮኒክስ መገጣጠሚያ፣ በጥገና ቤትና በሱቅ የሚያደርሰው ጉዳትና መከላከያው

አትክልት ተራ ውሎ የሚያውቅ ነጋዴ፣ ከጭነት መኪና ላይ ተወርውሮ የወረደ የቲማቲም ሳጥን ምን እንደሚያስከትል ይገባዋል። ቲማቲሙ በዕለቱ ቀይና ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ደህና ዋጋም ያወጣል። ምቱ የሚታወቀው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ዕቃው ቸርቻሪው ዘንድ ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ደላላ ቲማቲሙን ብቻ አይቶ አይገዛም፤ ሳጥኑን፣ አጫጫኑንና አወራረዱን ጭምር ያያል። የጅምላ ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም በ2013 ዓ.ም. ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር ይኸው ዕውቀት ከነጋዴው ጋር አብሮ ሄዷል።

በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ንግድ ግን ይህን ያህል ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ አይታይም። የሞባይል ቦርድ፣ የኮምፒዩተር ሜሞሪ፣ የቴሌቪዥን ካርድ ወይም የዲጂታል ሚዛን አይሲ ሲገዛና ሲሸጥ የሚጠየቀው «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» የሚለው ብቻ ነው። በምን ተጠቅልሎ መጣ? ማን በባዶ እጁ ነካው? የሚለው አይጠየቅም። የብዙ ነጋዴ ኪሳራ ከዚህ ይጀምራል።

ነገሩ ምንድን ነው?

ሁለት ነገሮች ተነካክተው ወይም ተፋትገው ሲለያዩ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ኤሌክትሮኖች ይሻገራሉ። በዚህ የተነሳ በዕቃው ወይም በሰውየው ገላ ላይ የሚከማቸው ኤሌክትሪክ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይባላል። የናይለን ሹራብ ሲወልቅ የሚንጣጣው፣ የመኪና በር ሲነካ ጣትን የሚቆነጥጠው እርሱው ነው።

ሰው ቁንጥጫው የሚሰማው ቮልቴጁ 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። መጠኑ ከግድግዳው ሶኬት 220 ቮልት እጅግ ቢበልጥም፣ የተከማቸው ኤሌክትሪክ በጣም ጥቂት በመሆኑና በቅጽበት ስለሚያልቅ ሰውን አይጎዳም። የአይሲ ነገር ግን ሌላ ነው። በአይሲ ውስጥ ያሉት መለያ ሽፋኖች ውፍረታቸው የሚለካው በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ከ100 ቮልት ባነሰ ስታቲክ የሚበሱ አይሲዎች አሉ። እንግዲህ ከ100 እስከ 3,000 ቮልት ባለው መካከል ሠራተኛው ምንም ሳይሰማውና ምንም ሳያይ ዕቃውን ሊያበላሽ ይችላል ማለት ነው።

በሙያው መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የቆየ የአሜሪካ ጦር መመሪያ የሚከተሉትን መጠኖች ይሰጣል። በደረቅ አየር፣ ይኸውም እርጥበቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ሲሆን፣ በሱፍ ምንጣፍ ላይ የሚራመድ ሰው እስከ 35,000 ቮልት፣ በፕላስቲክ ወለል ላይ የሚራመድ እስከ 12,000 ቮልት፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ እስከ 6,000 ቮልት ይሸከማል። ከጠረጴዛ ላይ ተራ የፕላስቲክ ከረጢት ማንሳት ብቻ 20,000 ቮልት ሊፈጥር ይችላል። እርጥበቱ ከ65 እስከ 90 በመቶ ሲሆን ደግሞ የምንጣፉ ወደ 1,500፣ የፕላስቲክ ወለሉ ወደ 250፣ የተቀመጠው ሠራተኛ ወደ 100፣ የከረጢቱም ወደ 1,200 ቮልት ይወርዳል። መውረዱ ትልቅ ነው፤ ሆኖም በ100 ቮልት ለሚበላሽ አይሲ ይህም ቢሆን ገዳይ ነው።

የተደበቀው ጉዳት ይብሳል

ስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ጉዳት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዕቃውን ወዲያው ይገድለዋል። ይህ ቢያንስ በፍተሻ ላይ ይታወቃል፤ ኪሳራውም እዚያው ፋብሪካው ወይም ጥገና ቤቱ ውስጥ ይቀራል።

ሁለተኛው አይሲውን አቁስሎ ይተወዋል። ዕቃው ይበራል፤ ፍተሻ ያልፋል፤ በካርቶን ታሽጎ ይሸጣል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ግን ይንቀራፈፋል፣ አልፎ አልፎ ይጠፋል፣ በመጨረሻም ይሞታል። በዚያን ጊዜ ደንበኛው የሚወቅሰው ስታቲክን አይደለም፤ የሸጠለትን ነጋዴ ነው። ነጋዴው አስመጪውን፣ አስመጪው ፋብሪካውን ይወቅሳል። ጥፋቱ የተሠራው ግን ምናልባት እዚሁ፣ አንድ ሰው ቦርዱን ከከረጢቱ አውጥቶ ለገዢ ባሳየበት ደቂቃ ሊሆን ይችላል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ገጣጣሚ 500 ቦርዶችን ሸጠ እንበል፤ በእያንዳንዱ 200 ብር ቢያተርፍ ጠቅላላ ትርፉ 100,000 ብር ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ 20ዎቹ በዋስትና ጊዜያቸው ተበላሽተው ቢመለሱና እያንዳንዱን ለመተካት 1,500 ብር ቢያወጣ 30,000 ብር ሄደ ማለት ነው። ከመቶው 4 ዕቃ ብቻ ተበላሽቶ ከትርፉ 30 በመቶው ጠፋ። የጠፋው ስም ገና አልተቆጠረም።

የእኛ አገር ሁኔታ

አዲስ አበባ በበጋ፣ በተለይም ከጥቅምት እስከ ጥር፣ አየሯ ይደርቃል። በክረምት ደህና ሲሠራ የቆየ ጥገና ቤት በበጋ ብልሽት ቢበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። የአትክልት ነጋዴዋ ጎመኗ እንዳይጠወልግ ውኃ ስታርከፈክፍ የምትከላከለው ይህንኑ ድርቀት ነው።

በዚህ ላይ የብዙ ጥገና ቤት ወለል በፕላስቲክ ምንጣፍ የተሸፈነ ነው፤ ሠራተኛውም ፖሊስተር ወይም ናይለን ይለብሳል፤ ዕቃው በተራ ፌስታል ይመላለሳል። ከሁሉ የሚከፋው የቆዩ ቤቶች የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው፤ ብዙዎቹ ሶኬቶች የመሬት መስመር፣ ማለትም ግራውንድ፣ የላቸውም።

ጉዳዩ የጥቂት ባለሙያዎች ብቻ ነው የሚባልበት ጊዜ አልፏል። የቴክኖ ሞባይል ባለቤት የሆነው ትራንሽን እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ ስልክ መገጣጠም ጀምሯል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ በኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የሚመሩ ተሽከርካሪዎች ቁጥር እየጨመረ ነው፤ ጥገናቸውም አብሮ ይመጣል። በዚህ ዘርፍ ገንዘብ ለማዋል የሚያስብ ሰው ከማሽኑ ዋጋ ጎን ይህንንም ማስላት አለበት።

መከላከያው

በዓለም ላይ የሚሠራባቸው ሁለት ታዋቂ ደረጃዎች አሉ። አንዱ የአሜሪካው ኤስ 20.20 ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሌላው ዓለም አቀፉ አይኢሲ 61340-5-1 ነው። የሁለቱም ፍሬ ነገር በሚከተሉት ነጥቦች ይጠቃለላል።

1ኛ. የመሬት መስመር። የሥራ ጠረጴዛው፣ የመበየጃው ካውያ ጫፍና ሠራተኛው ሁሉም ከአንድ የመሬት መስመር ጋር ይያያዙ። መስመሩ ከሌለ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ዘንግ ቀብሮና ለክቶ ይሥራው። የሶኬቱን ኒውትራል ሽቦ እንደ ግራውንድ መጠቀም ለሕይወት አደገኛ ነው፤ ፈጽሞ አይሞከር።

2ኛ. የእጅ አንጓ ማሰሪያ። ገላን ነክቶ የሚታሰር ሲሆን በሽቦ ከመሬት መስመሩ ጋር ይገናኛል። ትክክለኛው ማሰሪያ በውስጡ 1 ሚሊዮን ኦም መከላከያ አለው። ይህም ሠራተኛው በድንገት 220 ቮልት ቢነካ በማሰሪያው በኩል የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ከአንድ ሚሊ አምፔር ሩብ በታች ያደርገዋል። ስለዚህ በባዶ ሽቦ እጅን አስሮ ከቧንቧ ጋር ማገናኘት ማሰሪያ ሳይሆን ወጥመድ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበት ክፍት ዕቃ በርቶ እያለ ሲነካም ማሰሪያው ይፈታል። ማሰሪያው በየቀኑ ይፈተሽ፤ ከሠራተኛው እስከ መሬት ያለው መጠን ከ35 ሚሊዮን ኦም ከበለጠ አይሠራም።

3ኛ. ምንጣፍና ወለል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የጠረጴዛ ምንጣፍ ስታቲኩን ቀስ አድርጎ ወደ መሬት ያወርደዋል። ከላዩ እስከ መሬት ያለው መጠን ከ1 ቢሊዮን ኦም በታች መሆን አለበት። ባዶ ብረት ግን አይመረጥም፤ ስታቲክ የተሸከመ አይሲ ሲያርፍበት በአንድ ጊዜ ስለሚያራግፈው ብልጭታው ራሱ ይጎዳዋል።

4ኛ. ፕላስቲክ ማራቅ። ፌስታል፣ ነጭ ፎም፣ የፕላስቲክ ኩባያና ስኮች ቴፕ በመሬት መስመር አይድኑም፤ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፉ የያዙትን አይለቁም። ከቦርዱ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቁ። ከሥራው ሊለዩ የማይችሉ ከሆነ አዮን የሚነፋ ማራገቢያ ያስፈልጋል።

5ኛ. መያዣ። ብርማ ቀለም ያለው መከላከያ ከረጢት ከውጭ የሚመጣን ብልጭታ ይመልሳል። ሮዝ ቀለም ያለው ከረጢት ግን ራሱ ስታቲክ አይፈጥርም እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አይመልስም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት የተለመደ ስህተት ነው። የተበሳ ወይም የተጨማደደ ብርማ ከረጢት ዋጋ የለውም።

6ኛ. እርጥበት። በበጋ የክፍሉን እርጥበት ከ40 በመቶ በላይ ማድረግ ያግዛል። ከላይ እንዳየነው ግን እርጥበት ብቻውን አያድንም።

ገዢና ደላላ ምን ይመልከቱ?

በካርቶኑ ወይም በከረጢቱ ላይ ምልክት ይፈልጉ። በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተዘረጋ እጅ በላዩ ሰረዝ ከተደረገበት፣ ውስጥ ያለው ዕቃ በስታቲክ የሚጎዳ ነው ማለት ነው። ሰረዝ የሌለበትና ከላዩ ቅስት ያለው እጅ ደግሞ መያዣው ራሱ መከላከያ መሆኑን ያመለክታል።

ሜሞሪና ቦርድ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለ ከረጢት ተቆልሎ ከሚሸጥበት ሱቅ የሚገዛ ሰው፣ ዋጋው ቢረክስም የቆሰለ ዕቃ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ መሆኑን ይወቅ። ቦርድ መያዝ ካለበት በጠርዙ ይያዝ፤ የወርቅ ቀለም ያለው እግሩ አይነካ። ዲጂታል ሚዛን ለጥገና የሚሰጥ ነጋዴም የጠጋኙን ጠረጴዛ አይቶ ይስጥ፤ የቆሰለ አይሲ ያለበት ሚዛን ከመሞቱ በፊት ሊዋሽ ይችላል፤ ሚዛን ሲዋሽ ደግሞ ጠቡ ከገዢ ጋር ነው።

በመገጣጠሚያ ድርጅት ውስጥ ድርሻ ለመግዛት የሚደራደር ባለሀብት ሦስት ነገር ይጠይቅ። የእጅ ማሰሪያ የዕለት ፍተሻ መዝገብ አለ ወይ? የመሬት መስመሩ መቼ ተለካ? በዋስትና የተመለሱ ዕቃዎች በወር በወር ተመዝግበዋል ወይ? በተለይ የመጨረሻው ብዙ ይናገራል። ተመላሹ በበጋ ወራት ከተገጣጠሙት ዕቃዎች ላይ የሚበዛ ከሆነ ስታቲክ አንዱ ተጠርጣሪ ነው።

ማሰሪያው፣ ምንጣፉና የመሬት ዘንጉ ለአንድ ጠረጴዛ የሚጠይቁት ወጪ አንድ ድርጅት በዋስትና ከሚመልሰው ዕቃ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ወጪው ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ሳለ ቢወጣ ይሻላል። በሽያጭ ውሉ ላይም «ዕቃው በስታቲክ መከላከያ ከረጢት ታሽጎ ይረከባል» የምትል አንዲት መስመር ብትገባ፣ ኋላ ዕቃው ሲበላሽ ማን እንደሚጠየቅ ከወዲሁ ትለያለች።