ሹል አረር፣ ዱልዱም አረር

በአርሲና በባሌ ደጋ ባለፈቃድ አዳኞችን ሲመሩ የኖሩ አዛውንት፣ ሙያውን ሊረከብ ከሚዘጋጀው የወንድማቸው ልጅ ጋር ያደረጉት ምልልስ።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ለደጋ አጋዘን ሹል ጥይት ነው የሚሻለው ሲሉ እሰማለሁ። እውነት ነው?

አዛውንቱ፦ ጥያቄህን ከመጨረሻው ጀምረው። አረሩ ሄዶ የሚያርፈው ምን ላይ ነው? ወረቀት ላይ ከሆነ አንድ መልስ አለው፤ የአጋዘን ሳንባ ላይ ከሆነ ሌላ፤ የጎሽ ትከሻ ላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ። ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ጫፉ ላይ ነው። ጫፉ በአብዛኛው የሚነግርህ በአየር ላይ እንዴት እንደሚሄድ ነው። ሥጋ ሲነካ የሚሆነውን ለማወቅ የመዳብ ልባሱን ውፍረትና የውስጡን አሠራር ማየት አለብህ።

ወጣቱ፦ የአየሩን አስቀድመን እንጨርሰው። ሹሉ ምን ያህል ይበልጣል?

አዛውንቱ፦ በሩቁ ይበልጣል። በአድዋ ዘመን የነበረው ውጅግራ የሚተኩሰው 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዱልዱም የእርሳስ አረር ነበር። ከባድና ቀርፋፋ ስለሆነ ርቀቱ ሲጨምር ቶሎ ይወርዳል። ጭስ አልባው ባሩድ ከመጣ በኋላም ዱልዱሙ ዓመታት ቆይቷል። ጀርመኖች በ1905 እ.ኤ.አ. 14.7 ግራም የነበረውን ዱልዱም ትተው 10 ግራም ገደማ ወደሆነ ሹል አረር ተሻገሩ፤ አሜሪካኖችም በዓመቱ ተከተሉ። አረሩ ቀለለ፣ ፈጠነ፣ መንገዱም ቀና አለ። ተኳሹ ርቀቱን ሲገምት ጥቂት ቢስት እንኳ የሚተርፍለት ሆነ። ጅራቱ ሲሾጥ ደግሞ ከኋላ የሚጎትተው አየር ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ጥቅሙ በደንብ የሚታየው ወደ 300 ሜትርና ከዚያም ወዲያ ነው። መቶ ሜትር ላይ ለአዳኝ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በእኛ ደጋ ደግሞ በ3,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ይሳሳል። አረር ፍጥነቱን ይበልጥ ስለሚይዝ፣ በቆላ የተስተካከለ ጠመንጃ እዚህ በሩቁ ከፍ አድርጎ ይመታል።

ወጣቱ፦ ታዲያ ዱልዱሙ እስካሁን ለምን ይሠራል?

አዛውንቱ፦ አንዱ ምክንያት ጠመንጃው ራሱ ነው። እንደ 1894ቱ ዊንቸስተር ያሉት ጥይታቸውን የሚይዙት ከበርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ ነው፤ የአንዱ አፍንጫ የሌላውን ቂጥ ነክቶ ይደረደራል። እዚያ ሹል ብትከት፣ ጠመንጃው ሲራገጥ የኋለኛው ጫፍ የፊተኛውን መለኮሻ ሊመታው ይችላል። ከዚያ ቱቦ አጠገብ ያለው የገዛ እጅህ ነው። ስለዚህ ጠፍጣፋ ወይም ዱልዱም ያደርጉታል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ለስላሳ የፕላስቲክ ጫፍ ያለው ሹል ተሠርቷል።

ሌላው ምክንያት ጎሽ ነው። ቆዳው ወፍራም፣ አጥንቱ ከባድ ነው። ሙሉ ልባስ ያለው ሹል አረር ክብደቱ ወደ ኋላ ያመዘነ ስለሆነ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ይገለበጥና አቅጣጫውን ይስታል። አፍንጫው ጠፍጣፋ ወይም ክብ የሆነ ጥጥር አረር ግን ቀጥ ብሎ ይዘልቃል።

ወጣቱ፦ ጓደኞቼ የዒላማ ውድድር ጥይት ከሁሉም ልከኛ ነው፣ ጫፉም ክፍት ነው፣ ስለዚህ ሥጋ ውስጥ ይፈነዳል፣ ለአደን ይሆናል ይላሉ።

አዛውንቱ፦ እዚህ ላይ በደንብ ስማኝ፤ ብዙ እንስሳ የሚሰቃየው በዚህ ነው። ያ የጫፍ ቀዳዳ ለመክፈት ታስቦ የተሠራ አይደለም። አረሩ ሲሠራ እርሳሱ የሚገባው በፊቱ በኩል ስለሆነ የተረፈ ክፍተት ነው። በፊቱ በኩል የሚሞላበትም ምክንያት ቂጡ ድፍንና እኩል እንዲሆን ነው። ከአፈሙዝ መጨረሻ የሚወጣው ቂጡ ነው፤ ትንሽ ጉድለት ካለበት የሚገፋው ጋዝ ወደ አንድ ጎን ያዘነብለዋል። ለወረቀት ይህ ወርቅ ነው። እንስሳ ላይ ግን ወይ ሳይከፈት እንደ መርፌ ወግቶ ያልፋል፣ ወይ ገና ከቆዳው ሥር ይበታተናል። የትኛው እንደሚሆን ቀድመህ አታውቅም። የቆሰለ አውራ ወደ ኮሶውና ወደ አስታው ውስጥ ይገባል፤ ቀን ሙሉ ትፈልገዋለህ፣ ላታገኘውም ትችላለህ። የደጋ አጋዘን ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም። አቁስለህ የጣልከው አንድ አውራ ከጠቅላላው የጎደለ ነው።

ወጣቱ፦ ለእሱ ምን ልያዝ?

አዛውንቱ፦ አውራው 300 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚተኮሰውም ከሸለቆ ማዶ ነው። ስለዚህ ሹል ይሁን፣ ግን ሲያርፍ በልኩ የሚከፈት፣ ክብደቱንም የማይበትን። ጫፉ የተገለጠ እርሳስ የሆነው ለዘመናት ሠርቷል፤ ሲከፈት ስፋቱ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የፕላስቲክ ጫፍ ያለው በአየር ላይ ሹልነቱን ይጠብቃል፣ ሲመታ ጫፉ ወደ ኋላ ተገፍቶ አረሩን ይከፍተዋል። በ1948 እ.ኤ.አ. ጆን ኖዝለር ለገበያ ያቀረበው ደግሞ መሐሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ አለው፤ የፊቱ ግማሽ ይከፈታል፣ የኋላው ሳይበተን ይዘልቃል። ለትልቅ አጋዘን ዛሬም አምነዋለሁ።

ወጣቱ፦ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራውስ?

አዛውንቱ፦ እኔ እሱን እመርጣለሁ። እርሳስ ሲበታተን ብናኙ በሆድ ዕቃው ውስጥ ይቀራል፤ ያንን ጥለህ ስትሄድ ጥንብ አንሳው ይበላውና ይመረዛል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮንዶር የሚባለው አሞራ በዚህ ስለተጎዳ፣ ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደን ፈጽሞ ተከልክሏል። የእኛም ሰማይ ጥንብ አንሳ አለበት። ነገር ግን መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል ለአንድ ዓይነት ክብደት አረሩ ይረዝማል፤ ረጅሙን አረር አሽከርክሮ ቀጥ ለማድረግ የበርሜሉ ጥምዝ ፈጣን መሆን አለበት።

ወጣቱ፦ ልክ እንደ ሲሊንደር ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ የሽጉጥ ጥይትም አይቻለሁ።

አዛውንቱ፦ እሱ ለወረቀት ነው። ሹሉ ወረቀቱን ይቀደዋል፤ ያ ግን ጠርዙ ጥርት ያለ ክብ ቀዳዳ ይቆርጣል። ቀዳዳው የላይኛውን ነጥብ መስመር ነክቷል አልነካም የሚለው ክርክር ይቀራል። የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ጥይትም ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነው ለዚሁ ነው። ራቅ ሲል ግን ፍጥነቱ ቶሎ ይደክማል።

ወጣቱ፦ መርጬ ከገዛሁ በኋላስ?

አዛውንቱ፦ በራስህ ጠመንጃ ሞክረው። አንድ በርሜል የሚወደውን ሌላው ይጠላዋል፤ ክብደታቸው እኩል የሆነ ሁለት አረሮች እንኳ ከአንድ ጠመንጃ ወጥተው የተለያየ ቦታ ሊያርፉ ይችላሉ። በርካሽ ጥይት አስተካክለህ በውዱ አትደን። እንግዳህም ከሰፈር ከመውጣቱ በፊት፣ ለአደኑ በያዘው በዚያው ጥይት መቶ ሜትር ላይ ሦስት ጊዜ ይተኩስልህ። ሦስቱ ካልተሰበሰቡ በቀዳዳዎቹ ላይ ለመከራከር አትቸኩል፤ መነጽሩ ተነቅንቆ እንደሆነ ብሎኖቹን ፈትሽና እንደገና ይተኩስ።