ቀብድ የተባለው ገንዘብና ግማሽ የቀረው ቤት

ባለፈው ሰሞን ከልደታ ኮንዶሚኒየም ወደ ቢሮዬ የመጡ አንዲት እናት ከቦርሳቸው አውጥተው የሰጡኝ ማስረጃ ከልጅ ደብተር የተገነጠለ ግማሽ ገጽ ነበር። «ብር 80,000 ቀብድ ተቀብያለሁ» ይላል። ከሥሩ የግንበኛው ፊርማና የስልክ ቁጥር ሰፍሯል። የአባት ስም የለውም፣ ቀን የለውም፣ ምን እንደሚሠራም አንድ ቃል አልተጻፈበትም። ግንበኛው የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ አፍርሷል፣ የወጥ ቤቱን ግድግዳ ግማሹን ለስኗል፤ ከዚያ «ዕቃ ልግዛ» ብሎ እንደወጣ አልተመለሰም። ስልኩ ዝግ ነው። እሳቸው ልጆቻቸውን ይዘው አቧራ ውስጥ ከረሙ። «ልጄ፣ በዚህች ወረቀት ሕግ ያየኛል?» አሉኝ።

ያየዎታል አልኳቸው። ግን ያቺ ወረቀት ከያዘችው ይልቅ የጎደላት ይበልጣል።

መጀመሪያ «ቀብድ» የምትለዋን ቃል እንያት። በየሰፈሩ ለግንበኛ፣ ለአናጢ፣ ለቀቢ የሚሰጥ የመጀመሪያ ገንዘብ ሁሉ ቀብድ ይባላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ለቀብድ የራሱን ትርጉም ሰጥቶታል። በቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። በቁጥር 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን ሊተው ይችላል፤ የተቀበለው ሰው ውሉን መተው ከፈለገ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እናም እኚህ እናት 160,000 ብር የመጠየቅ በር ተከፍቶላቸዋል ማለት ነው። ግንበኛው ግን ዝም አይልም። «ገንዘቡ የዕቃና የሥራ ቅድሚያ ክፍያ ነው፣ ሥራም ጀምሬበታለሁ» ብሎ ይከራከራል፤ ዳኛውም ከቃሉ አልፎ ተዋዋዮቹ በእርግጥ ምን እንዳሰቡ ይመረምራል። ቃሉ በእርስዎም ላይ ሊዞር ይችላል፦ ግንበኛው ባያስደስትዎና እርስዎ ራስዎ ላሰናብተው ቢሉ፣ ቀብድ ብለው የሰጡት ገንዘብ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሐሳብዎ ክፍያውን ለመጀመር ብቻ ከሆነ «ከጠቅላላ ዋጋው የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ» ብለው ያስጽፉ። ቀብድ የሚለውን ቃል ውጤቱን ፈልገው ካልሆነ አይጻፉት።

የእድሳት ውል የግድ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ሕግ የለም። በቃል የተደረገም ውል ነው፣ በምስክርም ይረጋገጣል። ጎረቤትዎ ስትደራደሩ ሰምታ ከሆነ ምስክርነቷ ዋጋ አለው፤ በባንክ ወይም በቴሌብር የላኩት ገንዘብም እንዲሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። ግንበኛው ሥራው መሀል ላይ «ሲሚንቶ ጨረስኩ፣ ለሠራተኛ የምከፍለው አጣሁ፣ አበድሩኝ» ይላል። ብድር ከሆነ ነገሩ ተለወጠ፦ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው። አሥር ምስክር ቢያቆሙ አይረዳዎትም። የሰጡትን ሁሉ የውሉ ክፍያ አድርገው ደረሰኝ ያስፈርሙበት።

ከፊርማው በፊት የመታወቂያውን ቅጂ ይቀበሉ። የግንበኛው ሙሉ ስምና አድራሻ ካልታወቀ መጥሪያ የሚደርሰው የለም። ፍርድ ቤት መጥሪያው በጋዜጣ እንዲወጣ ሊፈቅድ ይችላል፣ ወጪውን አስቀድሞ የሚከፍለው ግን ከሳሹ ነው። እኚያ እናት ያሉበት ችግር ይኸው ነው፤ ሰውየውን «ሻምበል» ብለው ከመጥራት በቀር የሚያውቁት የለም፣ እሱም ቅጽል ስሙ ይሁን እውነተኛ ስሙ አልለየላቸውም።

ግንበኛው ከጠፋ በኋላስ? ሰው በንዴት ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ወይ ፖሊስ ጣቢያ ይሮጣል፣ ወይ በማግስቱ ሌላ ግንበኛ ያስገባል። ፖሊስ አብዛኛውን ጊዜ «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብሎ ይመልሳል፣ ልክም ነው። ሰውየው ከመጀመሪያው ለመሥራት ሳያስብ አታልሎ ገንዘብ እንደወሰደ የሚያሳይ ነገር ካለ ግን በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 የተደነገገው የአታላይነት ወንጀል ሊኖር ይችላል፤ ያን ጊዜ ማመልከቻው በጽሑፍ ይሁን። ሌላ ግንበኛ ቸኩሎ ማስገባት ደግሞ ማስረጃን በገዛ እጅ ማፍረስ ነው። በመጀመሪያ የቀረውን ሥራ ክፍል በክፍል ፎቶ ያንሱ፣ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደተበላሸ፣ ለመጨረስ ስንት እንደሚፈጅ ጽፎ እንዲፈርም ያድርጉ።

ከዚያ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 በግልጽ እንደሚለው የውል አለመፈጸምን የክስ ምክንያት የሚያደርግ ሰው ሌላውን ወገን ግዴታውን እንዲፈጽም አስቀድሞ ማስጠንቀቅ አለበት። በዚህች አንዲት የማስጠንቀቂያ ወረቀት መጉደል ምክንያት የተጉላላ ባለጉዳይ ስንቱን አይቻለሁ! ሥራው ምን እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንዲጨርስ ቀን እንደሰጡት፣ ካልጨረሰ ምን እንደሚያደርጉ ይጻፉ፤ በአደራ ደብዳቤ ይላኩ ወይም በሁለት ሰው ፊት ይስጡ፣ በስልኩም ጽሑፉን ይላኩለት። ቀኑ ካለፈ በቁጥር 1771 ሦስት መንገድ አለዎት፦ እንዲፈጽም ማስገደድ፣ ውሉ እንዲሰረዝ መጠየቅ፣ ከሁለቱም ጋር የደረሰብዎትን ኪሳራ መጠየቅ። በእድሳት ጉዳይ እኔ አብዝቼ የምመክረው ግን ቁጥር 1777ን ነው፦ የቀረውን ሥራ በሌላ ሰው አስጨርሰው ወጪውን ከጠፋው ግንበኛ ለመቀበል ፍርድ ቤቱን ያስፈቅዱ። የጠፋን ሰው አስገድዶ ሴራሚክ ማስለጠፍ ለማንም አይጠቅምም።

አዲስ ቤት ለሚያሠራ ሰው ሕጉ ጠንካራ ጋሻ አለው። ቁጥር 3039 ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበ ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ አሠራሩ ትክክለኛነትና ስለ ጥንካሬው ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል፤ ይህን የሚያሳጥር የውል ቃልም ዋጋ የለውም። ለእድሳት ይህ ድንጋጌ ሊያከራክር ስለሚችል በእርሱ ላይ አይተማመኑ። ውሉ ላይ የራስዎን የዋስትና ጊዜ፣ ለዘገየ ቀን መቀጫና ከዋጋው ሥራው ካለቀ በኋላ የሚከፈል ድርሻ ያስጽፉ። በእጅዎ የቀረ ገንዘብ ከማንኛውም የፍርድ ውሳኔ ይፈጥናል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ሁሉ የእርስዎ አይደለም። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የእርስዎ ቤቱ ነው፤ ጣሪያው፣ ደረጃው፣ ኮለኑ፣ የውጭው ግድግዳ፣ ለሁሉም የሚያገለግለው ቧንቧ የጋራ ነው። በብሎኬት የተሠራ የውስጥ ክፍፍል ማንሳትና ኮለን መንካት በግንበኛ ዓይን ተራ ነገር ይመስላል፣ በሕግ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በረንዳ ለመዝጋት፣ በውጭው ግድግዳ መስኮት ለመክፈት፣ ከምድር ቤቱ የሱቅ በር ለማውጣት የባለቤቶቹ ማኅበርና የክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ሳያውቁ አይጀምሩ። ከእርስዎ መታጠቢያ ቤት የወረደ ውኃ የታችኛውን ጎረቤት ኮርኒስ ካበላሸ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2077 የቤት ባለቤት ቤቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ «ጥፋቱ የግንበኛው ነው» የሚለው ክርክር ለጎረቤትዎ መልስ አይሆንም፣ ከግንበኛው ጋር የሚነጋገሩት ከካሱ በኋላ ነው። ጎረቤትም ይሄን ክስ በ2 ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ የውል ክስ ግን እስከ 10 ዓመት ይቆያል።

የቀበሌ ቤት ተከራዮች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋችኋል። ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ያወጣችሁት ወጪ ይመለስልኛል ብላችሁ አትቁጠሩ። የቀን ሠራተኛ ራሳችሁ ቀጥራችሁ የምትከፍሉ ከሆነም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ልትባሉ ትችላላችሁ፤ ከመወጣጫው ላይ ለሚወድቅ ሰው የሚጠየቀው ያን ጊዜ እናንተ ናችሁ።

የሚከሱት ገንዘብ ከ10 ሚሊዮን ብር ካልበለጠ ጉዳዩ የሚታየው በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ ለልደታ ነዋሪ ምድብ ችሎቱ ቅርብ ነው። የዳኝነት ክፍያ ከገንዘቡ መጠን ጋር ይጨምራል፣ አቅም የሌለው ሰው ግን በደሃ ደንብ እንዲከስ ማመልከት ይችላል። ሴቶች ከሆናችሁ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ግንበኛው ነገ ጠዋት የሚገባልዎ ከሆነ ዛሬ ማታ ሁለት ምስክር ይጥሩና አንድ ገጽ ይጻፉ፦ ሙሉ ስም፣ ሥራው በዝርዝር፣ ዋጋው፣ ቀኑ፣ የቀረው ክፍያ። ፊርማው ሳይደርቅ ገንዘቡን አይስጡ።